ደረቁ ሻሽ

ከላይ ጋይንት እስከ ስማዳ፣ ከስማዳ እስከ እስቴ፣ በጃንሆይ ዘመን እንደ እኔ ሰው ያስተኛ አልነበረም። ቀኛዝማች አስተኝቻለሁ፣ ቆሞስ አስተኝቻለሁ፣ አገር ያስጨነቀ ሽፍታ እንደ ጨቅላ አስተኝቼ ጥርሱን ሲያፋጭ አዳምጫለሁ። ይህንን በየሰርጉና በየለቅሶው ስናገር የሰማ ሁሉ ያምነኛል። ወረቀት ላይ መዋሸት ግን እጅ ስለሚያንቀጠቅጥ እዚህ ላስተካክለው። በሠራሁበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያስተኛሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ራሴ ነኝ። በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን የማስተኛው መድኃኒት፣ የኤተሩ ሽታ አፍንጫዬን ቢመታኝ፣ በሽተኛው ገና ዓይኑን ሳይከድን እኔ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ነበር። በሽተኛው ከጠረጴዛው ላይ ቀና ብሎ «እሱን አንሡት፣ እኔ እቆያለሁ» አለ አሉ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ገመድ ላይ የተሰጣ ሻሽ ነው። በቅርቡ በራሴ ጉዳይ ባሕር ዳር ወርጄ አንድ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፤ ጉዳዩን ኋላ እመጣበታለሁ፣ የሚያኮራ አይደለም። በመስኮት ብመለከት በጓሮው የሐኪሞች የአፍ መሸፈኛ ታጥቦ ተሰጥቷል፤ ክሩን አንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ልቤ ከአልጋው ተነሥታ የወጣትነቴ ከተማ ንፋስ መውጫ ገባች። እኛም እንዲሁ እንሰጣ ነበራ! የሕክምና ቤታችን ከከተማው ጫፍ ላይ የቆመች፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ የሆነ ትንሽ ቤት ነበረች። ሐኪሙ ከደብረ ታቦር በበቅሎ በወር አንዴ፣ መንገዱ ሲፈቅድ ሁለቴ የሚመጡ ጢማቸው ቀይ የሆነ ፈረንጅ ነበሩ፤ አማርኛቸው «ተኛ»፣ «ተነሣ» እና «አይዞህ» ላይ ያበቃል፤ እሱንም አንዳንዴ ቦታውን ያዛንፉታል። የዚያን አገር ነፋስ ለማያውቅ ልንገረው፦ የሰጣነውን ሻሽ ከነገመዱ ነቅሎ ይወስደዋል። አንዱን የአፍ መሸፈኛ አርብ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ቅቤ ቋጥራበት አግኝቻለሁ። ሌላው እስቴ ድረስ ሄዷል ይባላል፤ የሚለውም እኔው ነኝ።

የእኔ ሥራ መቀቀል ነበር። ሰው ባቄላ ሲቀቅል እኔ መቀስ፣ መቆንጠጫ፣ ጓንትና ሻሽ ስቀቅል ወጣትነቴን ጨረስኩ። ጓንት እንደ ዛሬው አንዴ ተለብሶ የሚጣል አልነበረም፤ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ከተቀደደም እንደ ብስክሌት ጎማ ይለጠፋል። እሳቴን ከክፍሉ ርቄ ከወይራው ሥር ነበር የማነደው፤ ኤተር ከእሳት ጋር በአንድ ቤት አያድርምና። ይህን ሕግ ያወጡት፣ ሌላውንም ሕግ ሁሉ ያወጡት ሲስተር አልጋነሽ ናቸው። ከሐኪሙ በታች፣ በእውነቱ ግን ከሐኪሙ በላይ፣ የቤቱ አዛዥ እሳቸው ነበሩ። እጅ እስከ ክርን በሳሙናና በብሩሽ ይፈተጋል፣ ጥፍር ይቆረጣል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ክብሪት የያዘ ሰው ደጃፉን አይረግጥም፣ አፍና አፍንጫውን ያልሸፈነ ሰው ጠረጴዛው አጠገብ አይቆምም። ከሁሉም የከፋብኝ የናይለኑ ሕግ ነው። ያኔ ናይለን ሸሚዝ የሌለው ጎረምሳ ጎረምሳ አይባልም። የእኔ ሰማያዊ ነበር፣ ኮሌታው ሹል፣ ፀሐይ ሲመታው እንደ ኩሬ የሚያብረቀርቅ፤ ከደሴ የመጣ ነጋዴ በሁለት በግ ዋጋ ሸጦልኛል። አባቴ አገላብጠው አዩትና «ይሄ ይታለባል?» አሉኝ። ሲስተር ደግሞ ገና በሩ ላይ ሲያዩኝ «አውልቅ!» አሉ። «ይህ ሸሚዝ ሲፋተግ ብልጭ ይላል። ለኤተር ብልጭታ ይበቃዋል። ለአንተ ዝነጣ ብለን ከነጣሪያው እንረግ?» ሸሚዜን ወይራው ላይ ሰቅዬ ገባሁ። ስወጣ ነፋሱ ወስዶታል። እስከ ዛሬ ሰማያዊ የለበሰ ሰው ሳይ ኮሌታውን አያለሁ።

ሰው የሚያስተኛው አስማረ ነበር። እኩያዬ ነው፤ አልጋችን አንድ ክፍል፣ ገበታችን አንድ፣ በእሑድ የምንለብሳት ጥሩ ካኪ ሱሪም አንድ ነበረች፤ በተራ ነበር የምንዘንጥባት። የጋይንቷ ቤተ ልሔም፣ የድጓው ደብር ልጅ ነው። የኔታ እግር ሥር ዓመታት ቁጭ ብሎ ድጓ ሲማር ቆይቶ፣ ሳይጨርስ ወጥቶ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ሆነ። የኔታ «ዜማውን ጥለህ መርፌ ያዝክ» ብለው አዝነውበታል፤ ይህችን ቃል አስማረ እንደ እሾህ በውስጡ ይዟት ይኖር ነበር። በጠጅ ቤት ማሲንቆ ሲመታ እንኳ ሁላችን ስናጨበጭብ እሱ የሆነ የድጓ ዜማ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። አገሬው ሁሉ «አስተኚው» ነበር የሚለው። በሽቦ የተሠራች ጭልፋ መሳይ ነገር በበሽተኛው አፍና አፍንጫ ላይ ይደፋል፣ በላይዋ ሻሽ ይዘረጋል፣ ከዚያ ኤተሩን ጠብ፣ ጠብ። ፈረንጁ በሽተኛው ቁጥር እየቆጠረ እንዲተኛ ነበር የሚፈልጉት። የጋይንት ገበሬ ግን ክፉ እንዳያገኘው ብሎ ከብቱንም ልጁንም ቆጥሮ ከአፉ የማያወጣ፣ ቢላዋ ፊት ተኝቶ ሊቆጥር? አስማረ ይህን ስላወቀ ቁጥሩን ተወና በሽተኛው የሚያውቀውን ጸሎት እንዲጀምር ያደርገዋል። የሰውየው ቃል እየተጎተተ ሲሄድ አስማረ ከሥር ይቀበለዋል፤ ጥቂት አብረው ይሄዳሉ፤ ሰውየው እንደተኛ የምናውቀው አስማረ ብቻውን ሲቀር ነበር።

ከእኛ ሁሉ ለበሽተኛው እስትንፋስ የሚቀርበውም እሱ ነው። ሐኪሙ ሆድ ጋ ናቸው፣ እኔ የተቀቀለውን አቀብዬ እግር ጋ ነኝ፤ አስማረ ግን ግንባር ለግንባር። ኤተር ደግሞ መጀመሪያ ላይ ያንቃል፤ በሽተኛው ይስላል፣ አክ ይላል፣ ምራቁ ይረጫል። ስለዚህ ሲስተር የእሱን ሻሽ አራት እጥፍ አድርገው በእጃቸው ሰፍተውለታል። «አስማረ፣ እኔ ደም እፈራለሁ፤ አንተ ግን ትንፋሽ ፍራ» ይሉት ነበር።

ችግሩ አገራችን ነው። በእኛ ዘንድ አፉን ሸፍኖ ሰው የሚያናግር ሁለት ዓይነት ሰው ነው፦ ጭሰኛውን የሚያናግር ባላባት፣ ወይም እንዳይታወቅ የሚፈልግ ሽፍታ። ታላቅህን ስታናግር ጋቢህን ከአፍህ ታወርዳለህ፣ ከትከሻህ ታወርዳለህ። ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምርህም፤ ከጡት ጋር የገባ ነው። እና አንድ ቀን ከስማዳ መምሬ ካሳ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ በቃሬዛ መጡ። ቡአቸው ወርዶ አንጀታቸው ታንቆባቸዋል፤ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሐኪሙ በአጋጣሚ እዚያው ስለነበሩ ወዲያው ጠረጴዛ ላይ አወጣናቸው። አስማረ አፉን ሸፍኖ በራሳቸው በኩል ጎንበስ አለ።

«ይሄ ማነው?» አሉ መምሬ።

«አስማረ ነኝ፣ አባ። የማስተኛዎ እኔ ነኝ።»

«አስማረ ከሆንክ አፍህ የት ሄደ?»

እኔ ከእግራቸው በኩል ሳቅኩ። ሲስተር በዓይናቸው ቆነጠጡኝ።

«የቤቱ ሕግ ነው፣ አባ። ለእርስዎም ለእኔም ደኅና ነው።»

«ስንቱን አናዝዣለሁ፣ አፉን ተከናንቦ የሚያናግረኝ ጎረምሳ አይቼ አላውቅም። ባላባት ነህ?»

«አይደለሁም፣ አባ።»

«ሽፍታ ነህ?»

«ኧረ አይደለሁም!»

«እንግዲያ ነፍሴን ለማን ነው የማስረክበው? ልጆች፣ አንሡኝ።»

ሲስተር ለመኑ፣ እግራቸው ላይ ወደቁ። ፈረንጁ «ተኛ! ተኛ!» እያሉ ቢጮኹ ይባስ አደረጉት፤ ሽማግሌው «አንተ» ተብለው መጠራታቸው ሌላ በደል ሆነ። አስማረ እጁን ወደ ሻሹ ሲያነሣ ልጆቻቸው አስቀድመው ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ነበር። በማግስቱ ከታች ጋይንት የወጡ ነጋዴዎች፣ መምሬ ስማዳ ሳይደርሱ ወንዝ ዳር ላይ ማረፋቸውን ነገሩን። አስማረ እህል አልቀመሰም። «አንዲት ቁራጭ ጨርቅ» አለኝ፤ «አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ቶሎ ዝቅ አድርጌ ቢሆን እኮ ዛሬ አጥሚት ይጠጡ ነበር።» ሲስተር ሰምተውት ኖሮ በሩ ላይ ቆመው «ዝቅ ብታደርገው ደግሞ አንድ ቀን የምንቀብረው አንተን ነው» አሉት። ሁለቱም እውነት ተናገሩ፤ የእኔ ቀልድ ለዚያ ቀን የሚሆን አልነበረም።

መላውን ያመጡት ሲስተር ናቸው። ከዚያ ወዲያ አስማረ በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ፣ በበሽተኞቹ መኝታ ክፍል፣ ራቅ ብሎ ቆሞ ጋቢውን ከአፉም ከትከሻውም አውርዶ እጅ እየነሣ ለሽማግሌዎቹ ፊቱን ያሳያቸዋል። «ነገ የምሸፍነው ይህንኑ አፍ ነው፤ ንቀት አይደለም፣ አባቴ» ይላቸዋል። ይቀበሉታል። እንዲያውም አንዳንዱ ጤነኛ ሽማግሌ የአስማረን እጅ መንሣት ለማየት ብቻ ቡአ አለብኝ ብሎ ይመጣ ነበር፤ ይህችን እንኳ ትንሽ ጨምሬባታለሁ። ሥራ ሲያልቅ የሁሉንም የአፍ መሸፈኛ የምሰበስበው እኔ ነኝ፣ ለድስቱ። ሰው ሲተነፍስበት የቆየ ሻሽ ይርሳል፤ የአስማረ ደግሞ ሲያዜምበት ስለሚቆይ ሲጨመቅ ጠብ ይል ነበር። «ይሄ ሻሽ ነው ወይስ የጠጅ ማጥለያ?» እለዋለሁ።

ከዚያ የኔታ መጡ። የአስማረ የኔታ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ደረታቸው ውስጥ የማያቋርጥ ሳል አለ፤ የመጡት ግን በቡአ ነው። ተማሪዎቻቸው በበቅሎ ደግፈው አመጧቸው። በዋዜማው አስማረ ጋቢውን አውርዶ እጅ ነሣ፤ ማን ሊያየው? የኔታ «ማነው?» አሉ። ስሙን ነገራቸው። «ነገ ስታዜም እሰማሃለሁ» አሉት። የዚያን ሌሊት ጓደኛዬ በእንቅልፍ ልቡ ሲያንጎራጉር አደረ፤ ጫማዬን ወረወርኩበት፣ አልነቃም።

ጠዋት ሁሉም ነገር እንደ ሕጉ ሆነ። እጅ ተፈተገ፣ መስኮት ተከፈተ፣ አፍ ተሸፈነ። የኔታ ዜማውን ጀመሩ፤ አስማረ ጠብ ጠብ እያደረገ ከሥር ተቀበለ። የኔታ አቆሙ።

«ማነው የሚያጉረመርመው?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«ቃሉን ለምን ታፍነዋለህ? እንደዚህ ነው ያስተማርኩህ?»

«አፌ ላይ ጨርቅ አለ፣ የኔታ። ሕጉ ነው።»

«ዜማም ሕግ አለው። እንደገና።»

እኔ ከእግራቸው በኩል ነኝ፤ በመካከላችን የተወጠረ አንሶላ አለ፤ አላይም። የሰማሁት ድምፁን ነው። ድምፁ በድንገት ጠራ። እንደዚያ ጠርቶ ሰምቼው አላውቅም። ሲስተር ቀና አሉ። ጓንት ለብሰዋል፣ ዕቃው ሁሉ በእጃቸው ነው፤ የአስማረን ፊት ቢነኩ የተቀቀለው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ሐኪሙም ቢላዋውን ይዘው የኔታ እስኪተኙ ይጠብቃሉ። «አስማረ!» አሉ ብቻ። የኔታ ሳሉ። ደጋግመው ሳሉ። አስማረ አልራቀም፣ አላቋረጠም። ሽማግሌው «ደኅና አልክ» አሉ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ፤ ከዚያ አስማረ ብቻውን ቀረ።

ቡአው ተሰፋ። የኔታ ድነው ወደ ጉባኤያቸው ተመለሱ። እኔ ሻሽ ስሰበስብ የአስማረ ደረቅ ነበር። አገላበጥኩት፤ እንደሰጠሁት ነው።

«ዛሬ ሳትተነፍስ ነው እንዴ የዋልከው?» አልኩት።

«ውሃ ቆጥቤልህ ነው፤ ልትቀቅለው አያስፈልግም።»

«ቀልድ የእኔ ሥራ ነው፣ አንተ ሥራህን ሥራ።»

«እያረሙኝ ዝም ልበላቸው? ለዓመታት ‹መርፌ ያዝክ› ብለው ያዘኑብኝ ሰው!» ከዚያ ፈገግ አለ። «ሰምተሃል ግን? ‹ደኅና አልክ› አሉኝ።»

ሻሹን ለሲስተር ወስጄ አሳየኋቸው። በጣታቸው ዳሰሱት። አልተቆጡም። ራሳቸው እስከ ወይራው ድረስ ሄደው ድስቱ ውስጥ ጣሉት፤ የሚፈላውን ውሃ ቆመው ያዩት ነበር።

ክረምቱ ሲገባ አስማረ መሳል ጀመረ። ያ የእኛ ካኪ ሱሪ መጀመሪያ በመታጠቂያ፣ ኋላም በሲባጎ ነበር የሚቆምለት። ከማን እንደያዘው ማንም በእርግጥ ሊናገር አይችልም፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሳለ ሰው አንድ ብቻ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳው መርፌ ከደብረ ታቦር ይመጣል፤ ግን ወንዝ ሲሞላ በቅሎ ይቆማል፣ በቅሎ ሲቆም መርፌው ይቋረጣል። ሲስተር ከግቢው ጥግ ላይ ሰፊ መስኮት ያላት ጎጆ አሠሩለት። ኩባያውንና ሳህኑን የምቀቅለው እኔ ነበርኩ፤ ለአንድ ሰው ብቻ የተለየ ድስት። ስጠይቀው ነፋሱ ከጀርባዬ እንዲመጣ ሆኜ በሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ አፌን ሸፍኜ። በዚያች ጨርቅ ውስጥ ሆኖ መቀለድ ምን ያህል ከባድ ነው! ሰው ሲቀልድ አፉ ካልታየ ግማሹ ይቀራል። አንድ ቀን አላስቻለኝምና አወረድኩት። ወዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ሸፍን።»

«እኔ ባላባት ነኝ እንዴ አፌን የምከናነብብህ? ፊቴን እይልኝ እንጂ! ናፍቆሃል፣ መልከ መልካም ነኝ።»

«ካልሸፈንክ አላናግርህም።»

«አስማረ…»

«ሸፍን አልኩህ። ነገ ደግሞ ሻሽህን ለሲስተር አሳያቸው። እርጥብ መሆኑን ይዳስሱት።»

ሸፈንኩ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ያን ቀን ሻሼ እርጥብ ነበር፤ ከትንፋሽ ብቻ አልነበረም። አደይ አበባ ሜዳውን ሞልቶት ሳለ ቀበርነው። የኔታ በበቅሎ መጥተው ፍትሐቱን ራሳቸው መሩት፤ ሲስሉ ያርፋሉ፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። ከቀብር መልስ በቅሏቸው ላይ ሆነው «ለመጨረሻ ጊዜ ሳገኘው አፉን አፍኖ ሲያዜም አርሜው ነበር፤ ወዲያው ጠራለት» አሉን። ኩራታቸው ፊታቸው ላይ ነበር። ሲስተር መሬቱን አዩ። እኔም መሬቱን አየሁ።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ቡአ ነው። ስንቱ ሰው በቡአ ሲተኛ ያየሁ፣ ተራዬ ደርሶ ባሕር ዳር ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። ጓንቱ አዲስ፣ ዕቃው የሚቀቀለው በብረት ሳጥን፣ ወለሉ እንደ መስታወት። ከተኛሁበት ሁሉንም ስመረምር፣ እዚህ ቤት ሲስተር አልጋነሽ ቢገቡ ደስ ይላቸው ነበር ብዬ ተኩራራሁ። አስተኚዋ የልጄን ዕድሜ የምታክል ሴት ናት፤ ከዓይኗ በቀር የሚታይ የላትም። «አይዞዎት፣ አባባ» አለችኝ። አባባ! ጠጉሬን ቀለም ከተቀባሁ ሳምንት አልሞላኝም። መርፌውን ስታነሣ ግን ልቤ ከዳኝ፤ ከላዬ ያለው መብራት ሰፋ፣ ዓይኗ ብቻ ቀረ።

በማግስቱ ወደ ክፍሌ ብቅ ብላ፣ አፏን እንደ ሸፈነች፣ «ትናንት እኮ ክፉኛ ሰድበውኛል፣ አባባ» ብላ ሳቀች። አላስታውስም ብዬ ካድኩ። አስታውሳለሁ። አስማረን በእጄ የቀበርኩ፣ ያን ደረቅ ሻሽ በእነዚህ ጣቶች የዳሰስኩ እኔ፣ እጇን ጨብጬ «እባክሽ አፍሽን ግለጪልኝ» ብዬ እንደ ሕፃን አልቅሻለሁ፤ «አይቻልም» ስትለኝም ለታላቅሽ አፍሽን የምትከናነቢ ባለጌ ብዬ ሰድቤያታለሁ።